እስከ መስኮቱ የሚደርስ ሽቦ

ባለፈው ሳምንት የወላጆቼን ቤት ለዘመን መለወጫ ልናስቀባ ቀለም ቀቢ ጠርተን ነበር። ሰውዬው ቡፌውን ከግድግዳው ሲያርቅ ከኋላው አንድ ቀጭን ሽቦ አገኘ። በትንንሽ ሚስማር ተይዞ ጥግ ጥጉን እስከ ጓሮው መስኮት ይሄድና ጫፉ እዚያ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«ይኼ ይነሳ?» አለ።

«እንዳትነካው!» አለ አባቴ ከወንበሩ።

ቀቢው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ልቤ ወደ አንድ የድሮ ክረምት ሄዶ ነበር።

ያን ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እጠብቅ ነበር። አዳማ ላይ ሥራ መጠበቅ ነፋስ ሲነፍስ ማዳመጥ ነው። ከሰዓት በኋላ አቧራው ይነሳል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ባጃጆቹ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ሰውም «ዝናቡ ቆቃ ድረስ መጥቶ ተመለሰ» እያለ ሰማይ ያያል። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ ቤት መዋሉ ብዙም አልከበደኝም።

አባቴም ከመምህርነት ጡረታ የወጣው ያኔ ነበር። የድሮ ተማሪዎቹ ተሰባስበው አዲስ ስቴሪዮ ሸለሙት፤ ካሴቶቹንም ፍላሽ ላይ ገልብጠው አመጡለት። አብዛኞቹ የወጣትነቱ የኦሮምኛ ዘፈኖች ናቸው። እሱ የቆቃ አካባቢ ልጅ ነው፤ እናቴ በልጅነቷ ከወሎ የመጣች ናት። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር።

አሮጌው ቴፕ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ጓሮውን በሚያየው መስኮት ላይ ነው። ሶኬቱ እዚያ ስለነበረ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። አዲሱ ግን የክብር ዕቃ ነውና ቡፌው ላይ፣ ስፒከሮቹም ግራና ቀኙን ተቀመጡ። አባቴ የመጀመሪያውን ዘፈን ከፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ገለጠው።

«ጥርት ብሏል» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ግን ይበርዳል።»

ከዚያ በኋላ ሙቀት ፍለጋ ያዘ። ስፒከሮቹን አቀራረበ፣ አራራቀ፣ ከሥራቸው ጋቢ አነጠፈ። ሱቅ ወስዶ የእንጨት ሳጥን ባላቸው ስፒከሮች ለወጣቸው፤ ድምፁም በእውነት ለሰለሰ፣ ወፈረ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ «ጆሮዬ ነው ያረጀው መሰለኝ» ብሎ አጠፋውና ዝም ባለው ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። ዕድሜውን በልጆች ጫጫታ መሃል ያሳለፈ ሰው ድንገት እንዲህ ጸጥ ሲል ማየት አስፈራኝ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ጓሮ ቧንቧው ሥር የቆቃ ዓሣ እየፋቀች ነበር። ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል። እኔ ሎሚ እቆርጥላታለሁ። አባቴ ዳግም ሊሞክር ስቴሪዮውን ከፈተ፤ ጓሮ የደረሰው ግን ከሌላ ሰፈር የመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ብቻ ነው። ያኔ ነው እናቴ ዝም ማለቷን ልብ ያልኩት።

በአሮጌው ቴፕ ጊዜ እዚህ ሆና አብራ ትዘፍን ነበር። ኦሮምኛዋ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም፤ ዘፈኖቹን ግን ከዳር እስከ ዳር ታውቃቸዋለች። ዘፋኙ እጇን ይዞ የሚመራት ይመስል ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች። ሰው እንደሰማት ካወቀች ታቆማለች። አንድ ጊዜ አክስቴ «ድምፅሽ እንዴት ያምራል!» ብላት ለስንት ጊዜ መዝፈኗን ተወች።

«እማዬ፣ ዘፈኑ ይሰማሻል?»

«የቱ ዘፈን? እኔ ድም ድም ሲል ነው የምሰማው።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። አባቴ በየሱቁ የሚፈልገው ነገር እዚህ ዓሣ ይፍቃል። ግን እንዴት ልንገረው? ደስ ብሎት «የሺ፣ እስቲ ዝፈኚልን!» ይላታል፤ እሷም ያኔውኑ ለዘለዓለም መዝፈኗን ትተዋለች።

ሰኞ «ይኼ የመጨረሻዬ ነው» ብሎ ሱቅ ወሰደኝ።

«አካም ጂርቱ ጋሼ! በዚህ በአዳማ ሙቀት አሁንም በረደዎት?» አለ ባለ ሱቁ። የቆሙት ደንበኞች ሳቁ።

«ሳቅ፣ ሳቅ! አንተም ታረጃለህ።»

ባለ ሱቁ እንደ ጣት የወፈረ ሽቦ አወጣ። «ችግሩ ከሽቦው ነው። ወፍራምና አጭር ሲሆን ድምፁ ሳይባክን ይደርሳል።» ልክ ነበር፤ እኔም ተምሬዋለሁ። አባቴ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።

«ከቀጭኑ ይሁን» አልኩ። «ረጅም። እስከ መስኮት የሚደርስ።»

«ኧረ እህቴ፣ እሱማ ድምፁን መንገድ ላይ ያስቀርልሻል! ምንድን ነው የተማርሽው?»

«ኤሌክትሪካል።»

«ታዲያ መብራት የሚጠፋብን ለዚህ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ሱቁን ሞላው፤ ጆሮዬ ነደደ። ሌላ ቀን ቢሆን ወጥቼ እሄድ ነበር።

«ለምንድን ነው፣ ሌንሳኮ?» አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ። የኔዋ ሌንሳ ማለቱ ነው።

«ምክንያቱን አትጠይቀኝ አባዬ። አንዴ ብቻ እመነኝ።»

አየኝ። ከዚያ ወደ ባለ ሱቁ ዞሮ «ቁረጥላት» አለ።

ሽቦውን ራሴ ቸነከርኩት። አንዱን ስፒከር የድሮው ቴፕ ቦታ ላይ ፊቱን ወደ ጓሮ አድርጌ አስቀመጥኩ። አባቴ «ጎረቤቱን ልትጋብዢ ነው?» እያለ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ፤ ከጓሮ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጀመረ። አዝማቹ ላይ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ የእናቴ ድምፅ በመስኮቱ ገባ፤ የአባቴን ቋንቋ እየዘፈነ።

አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ወደ መስኮቱ አልዞረም። ሪሞቱን አንስቶ ስቴሪዮውን ቀስ አድርጎ ቀነሰው። ደግሞ ቀነሰው።

«አሁን ሞቀ» አለኝ በሹክሹክታ።

ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ግን «ልጄ ሽቦ ታውቃለች» ይላል። ዛሬም ጓደኞቼ ሞቅ ያለ ድምፅ የሚሰጠው የትኛው ስፒከር እንደሆነ ይጠይቁኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ የማልነግራቸው ግን መጀመሪያ ቤታቸው ውስጥ ማን የት ሆኖ እንደሚያዳምጥ ቢያዩ እንደሚሻል ነው።

ስቴሪዮው ከተበላሸ ቆይቷል። ቀቢው ሽቦውን ሳይነካ ከላዩ ቀባበት፤ አሁን በግድግዳው ላይ እንደ ደም ሥር ነው የሚታየው። የዕለቱን ሥራ ሲጨርስ አባቴን ሊያናግረው ጠጋ አለ። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ቤት ውስጥ የተከፈተ ምንም ነገር የለም። ጓሮ ውስጥ እናቴ ልብስ እያሰጣች ነው፤ የሚመራት ዘፋኝ ባይኖርም እንደ ድሮው ዘግየት እያለች ትዘፍናለች።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን እጅ ቀለም ነገ—» ሲል ቀቢው፣ አባቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።