እናቴ ያልደረሰችበት ለቅሶ

እናቴን ራስ ምታቱ የጀመራት አየር ጤና፣ ሱቋ ውስጥ በርበሬ ስትመዝን ነው። «አናቴን በዘነዘና መቱኝ!» ብላ ጮኸችና ሚዛኑ ላይ ተደፋች። ጎረቤቶቿ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት። እኔ ስደርስ አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። «ትንሽ ትተኛና ይለቃታል» ካሉት ሁሉ ጋር ተጨቃጭቄ፣ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሲቲ ስካን ተነሳችና አንጎሏ ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገሩን። ከአንጎሏ ስር፣ ከኋላ በኩል፣ አንድ የደም ስር ሳስቶ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ሐኪሙ እዚህ ቦታ ላይ ሲወጣ እምብዛም አይቶ እንደማያውቅ አልደበቀንም። የራስ ቅሏ ተከፍቶ የተነፋው ነገር ከስሩ በትንሽ የብረት መቆንጠጫ ይያዛል። እስከዚያ ማልቀስ፣ መጮኽ፣ መደንገጥ የለም። የደም ግፊቷ ከፍ ካለ እንደገና ሊፈነዳ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ምሕረት የለውም አለን።

ቀዶ ጥገናውን ስንጠብቅ አክስቴ ሞተች። የእናቴ ታናሽ፣ ያለቻት አንድ እህት፣ ከአስኮ በየቀኑ ሾርባ የምታመላልስላት። ልብስ እያሰጣች «ራሴን!» ብላ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች።

አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ «እሷ እስክትድን ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለ። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ የተከራከረውም አልነበረም። እኔ ግን በግኜ ነበር። ትእዛዙ የእሱ፣ ውሸቱ የእኔ፤ አስታማሚዋ እኔ ነኛ! ከለቅሶው ድንኳን እወጣና፣ ጦር ኃይሎች ታክሲ ስቀይር፣ የማውቃት ልብስ ሰፊ ጋ ገብቼ ጥቁሬን አውልቄ ቢጫ ሹራብ እለብሳለሁ። ቢጫ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«እህቴ ምነው ጠፋችብኝ?» ትላለች እናቴ።

«ጉንፋን ይዟት ነው። እንዳታስይዝሽ ፈርታ።»

«እሷ ናት ጉንፋን ያዘኝ ብላ ቤት የምትቀመጠው? ስልኳስ?»

«ተበላሽቶባት ነው።»

አንድ ጠዋት ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ «እናቴ፣ ከቤተሰብዎ ራሱን አሞት በድንገት የሞተ ሰው አለ? አንዳንዴ በዘር ይመጣል» ሲል ጠየቃት።

«ተመስገን፣ የለም። ያለችኝ አንድ እህት ናት፣ እሷም ደህና ናት» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አይደል?»

«ደህና ናት» አልኩ።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ተከትዬ እውነቱን ነገርኩት። «እንግዲያው አንቺም መመርመር አለብሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴን ቆንጠር ባደረገኝ ቁጥር እፈራለሁ። የዚያን ቀን ግን ለራሴ የምፈራበት ቦታ አልነበረኝም።

ለቀዶ ጥገናው ጸጉሯን ሙልጭ አድርገው ላጯት። «በስተርጅና ሕፃን አደረጉኝ» ብላ ሳቀች። እህቷ ይህን መላጣ አይታ እንደምትስቅባት ነገረችኝ። አብሬያት ሳቅኩ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሹራቤን ነክሼ አለቀስኩ። ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ተኮልኩለን ጠበቅን። ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ድካም ነው እንጂ መቆንጠጫው ይዟል።

ቤቷ ገብታ ቁስሏ ከደረቀ፣ ሐኪሙም ከፈቀደ በኋላ፣ ዘመዶች ሊነጋጋ ሲል መጡ። እናቴ ጥቁር የለበሱትን ተራ በተራ አየች። የጎደለችውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

«እህቴን ቀበራችኋት?» አለች።

አጎቴ አንገቱን ደፋ። እንዳትጮኽ ፈርቼ ልይዛት ተጠጋሁ። ቤቱ ሁሉ የሷን ጩኸት ይጠብቃል። ጩኸት አላሰማችም። ሁለት እጇን ወደ ራሷ ሰደደች፣ ጸጉሯን ልትነጭ። የሚነጭ ጸጉር አልነበረም። ጣቶቿ ጠባሳው ላይ ቆሙ።

«ለካስ ተላጭቼልሻለሁ፣ እህቴ» አለች።