በሲሬ የተሳፈሩት ሰላይ

ንጋት፣ ነቀምቴ

አውቶቡሱ ገና ሞተሩን እያሞቀ ነው። ጭጋጉ ከቡርቃ ጃቶ በኩል መጥቶ አውቶቡስ ተራውን ሸፍኖታል። ጣሪያው ላይ የቡና ጆንያ፣ የማር ቅል፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች። እኔ የአባቴን ኮት ለብሼ ቆሜያለሁ፤ እጅጌው ጣቶቼን ውጧቸዋል። አዲስ አበባ የምሄደው የሕክምና ትምህርት የሚገቡትን የሚመርጡ ፈታኞች ፊት ቀርቤ በቃል ልጠየቅ ነው። ካለፍኩ ሐኪም እሆናለሁ። ከወደቅሁ አጎቴ ሱቅ ቆሜ አቡጀዲ እለካለሁ፤ ይህን ያበሰረኝ አጎቴ ራሱ ነው፣ ያውም በደስታ።

አባቴ ፈተናው አዲስ አበባ ነው የሚጀምረው ቢሉት አያምንም። በእኛ ዘንድ ሰው ለልጁ ሚስት ሲፈልግ አስቀድሞ አጥኚ ይልካል። አጥኚው መንገደኛ መስሎ ውሃ ይለምናል፤ ልጅቷ ውሃውን እንዴት እንደምታቀርብ፣ ለእናቷ እንዴት እንደምትመልስ አይቶ አመስግኖ ይወጣል።

«ለአንዲት ሙሽራ ይህን ያህል ከተጠና፣» አለኝ ሊሸኘኝ የመጣው አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሰው ሆድ ለሚቀድ ሐኪምማ ሰላይ ሳይልኩ ይቀራሉ? ኢልማ ኮ፣ አጠገብህ የሚቀመጠውን ሰው ልብ በል።»

ልጄ ሲለኝ በኦሮምኛ ከሆነ ነገሩ የምር ነው። ቢሆንም ሳቅሁ። አውቶቡሱ ሲነሳ ግን ሳቄ ጠፋ። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ከጎኔ ያለው ብቻ ባዶ ነው። ለማን ነው የተያዘው?

ረፋድ፣ ሲሬ

ኮረኮንቹ አንጀታችንን አራግፎ ሲሬ አደረሰን። ሴቶች የተቀቀለ በቆሎና ሸንኮራ ይዘው መስኮቱን ከበቡት፤ አንዱን ዋጋ በሁለት ቋንቋ ይጠሩታል። በቆሎ በአምስት ሳንቲም ገዝቼ ገና ሳልገምጠው፣ አንድ ጠና ያሉ ሰው ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ የተወለወለ ጫማ። ለሲሬ ጭቃ ጫማው በጣም ንጹሕ ነው።

ብድግ ብዬ የመስኮቱን ቦታ ለቀቅሁላቸው። በቆሎዬንም አካፈልኳቸው። ገለታ እባላለሁ አሉኝ፤ እኔም በእኛ አጠራር ኦቦ ገለታ አልኳቸው፣ አቶ እንደማለት፤ አዲስ አበባ የተዳረች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ወዴት እንደምሄድ ነገርኳቸው። ሐኪም መሆን ለምን ፈለግህ ሲሉኝ ይኸው መጀመሩ ነው ብዬ፣ መምህሬ ያስጠናኝን ስለ ሀገር አገልግሎት የሚያወራውን መልስ አንድም ቃል ሳላጎድል አወረድኩት። አዩኝና ግራ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አስገብተው ደረታቸው ላይ አሳረፉ።

ቀትር፣ ባኮ

ባኮ ሙቀቱ አያድርስ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ኮቱን ሲያወልቅ ኦቦ ገለታ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ሾፌሩ ዞር ብሎ «ወባ ነው፣ የቆላ ወባ» አለ። ሾፌሩም አብሯቸው ሊሆን ይችላል።

አልተሸነፍኩም። ማስመሰሉን የሚረሱበትን ደቂቃ ለመያዝ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። ከንፈራቸው ጠቆረ፣ ጥፍራቸው አመድ መሰለ። ሰላይም ቢሆኑ ይታዘቡኛልና የአባቴን ኮት ደረብኩላቸው፣ ውሃ አመጣሁ፣ ጭንቅላታቸውን ደገፍኩ። አምቦ ስንደርስ ብርዱ ለቋቸው እንደ እሳት ነደዱ። ሆለታ አካባቢ ላብ አጥለቀለቃቸውና የኮቱ አንገትጌ ራሰ። ያኔ ልቤ ወላወለ። መንቀጥቀጥስ ይሁን፣ ላብን ማን ያስመስላል? በዚህ ሁሉ መሐል ግራ እጃቸው ከደረታቸው አልተነሳም። አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ ልጃቸው ደግፋቸው፣ መረቁኝ፤ የመረቁኝም በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው።

አዲስ አበባ፣ የፈተናው ቀን

ሦስት ፈታኞች። መጀመሪያ ያየሁት ኦቦ ገለታ መኖር አለመኖራቸውን ነው። የሉም። መልሴን ስጀምር በዕድሜ የሚበልጡት እጃቸውን አነሱ፤ ይህንኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰሙት መዋላቸው ነው። በሽተኛ ቀርበህ አይተህ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ከብርዱ እስከ ላቡ በየተራው፣ ጥፍሩንም ከንፈሩንም፣ ከደረታቸው ያልተነሳውንም እጅ ሳልተው ነገርኳቸው።

«ይህን ሁሉ እንዴት ልታስተውል ቻልክ?»

«አላመንኳቸውም ነበር፣ ጌታዬ።»

ለምን ሲሉኝ የአባቴን ነገር ማውጣት ግድ ሆነ። አፍሬ ላብ በላብ ሆንኩ። አንደኛው ፈታኝ ሳቁን ሊደብቅ አቀረቀረ። ትልቁ ግን አልሳቁም።

«ወባው ገባን። ደረታቸውን የያዙት ለምንድን ነው?»

አላውቅም አልኩ። እንድወጣ በእጃቸው አመለከቱኝ። የአጎቴ አቡጀዲ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። በር ላይ ስደርስ ትልቁ ጠሩኝ።

«መስከረም ላይ ስትመጣ የደረታቸውን ነገር ትነግረኛለህ።»

ማለፌ ይሁን ሌላ ፈተና አልገባኝም ነበር። ስሜ ካለፉት ጋር ተለጥፎ ካየሁ በኋላ እንኳ የሌላ ሰው ስም እንዳይሆን ብዬ ተመልሼ አነበብኩት።

መልስ፣ ሲሬ

አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ወርጄ የኦቦ ገለታን ቤት ጠየቅሁ፤ ራሳቸው ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ተነሱ። ኪኒን ውጠው ድነው ከተመለሱ ቀናት ሆኗቸዋል። ሰላምታውን ሳልጨርስ ስለ ደረታቸው ጠየቅኋቸው። መሬት መሬት አዩ፤ ከዚያ ከአንገታቸው የተንጠለጠለች የቆዳ ቦርሳ ጎትተው አወጡ።

«ለልጄ የበሬ ሽያጭ ይዤላት ነበር፣» አሉ። «አንተ ደግሞ ከዚህ ጀምሮ ዓይንህን ከእኔ አልነቀልክም። ወንበር ለቀቅህልኝ፣ በቆሎ አበላኸኝ፣ ኮት አለበስከኝ። ለማያውቀው ሰው እንዲህ የሚሆን ማን ነው? ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሌባ መስለኸኝ ነበር።»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ተሳፍሬ ስቀመጥ በሳቅ እንባዬ መጥቷል። አጠገቤ የነበሩት ሴት ገልመጥ አደረጉኝና ዘንቢላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እስከ ነቀምቴ ድረስ ዛፍ ብቻ አየሁ።