አንድ ሺህ ሰባት መቶ ላይ የታረቀው ቡድን

ጎንደር ከተማ፣ በአንድ ኮሌጅ ሒሳብ ማስተማር የጀመርኩ ዕለት ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጽፌ ማን እንደሚመልስ ጠየቅኩ። ሠላሳ ሁለት ተማሪ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔም የራሴን አየሁ፤ አቧራ ከመልበሱ በቀር የተለየ ነገር አልነበረበትም።

አያውቁም ብዬ ያንኑ ጥያቄ በወረቀት ብሰጣቸው፣ ግማሾቹ አሳምረው ሠርተውታል። ተናደድኩ። ከሁሉ ታናሽ የሆነውን የሳንጃውን ልጅ ታደሰን ለብቻው ጠርቼ ምነው ዝም አልክ አልኩት።

«አያ ባየህ ሳይናገሩ እንዴት ብዬ?» አለኝ።

አያ ባየህ ብዙ ዓመት ዜማ ሲማሩ ቆይተው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ዘግይተው የገቡ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ተማሪ ናቸው።

ስለዚህ ክፍሉን አራት አራት አድርጌ በቡድን ከፋፈልኩት። ተወያይተው፣ ተስማምተው አንድ መልስ እንዲያመጡ ነገርኳቸው። ክፍሉ እንደ ገበያ ሞቀ። በደስታዬ ብዛት የኮሌጁን ዲን መጥቶ እንዲያይ ጋበዝኩ።

የዚያን ቀን ጥያቄ ስለ አንድ አራት ማዕዘን መሬት ነበር። አንዱ ጎኑ የቀሐ ወንዝ ነው፤ ሦስቱን ጎን በመቶ ሃያ ሜትር ሽቦ ብናጥር የምናገኘው ትልቁ ስፋት ስንት ነው? የአያ ባየህ ቡድን አንድ ሺህ ሰባት መቶ ካሬ ሜትር አለ። ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ።

«እኔ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አልኩ፤ ታደሰ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አለ» አሉ አያ ባየህ ረጋ ብለው። «ማንም ቅር እንዳይለው መሐል ላይ ታረቅን።»

ትክክሉ የታደሰ ነበር። እኔ ሳቅኩ፤ ዲኑ አልሳቀም። ወደ ጎን ወስዶ ለሽምግልና ደመወዝ እንደማይከፈለኝ ነገረኝ። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያው ከሆነ ቡድን የሚባለው ይቀርና እኔ እያወራሁ እነሱ ይጽፋሉ። ያ ጫማ የማየት ዘመን ሊመለስብኝ ነው።

ሁለት ቀን ስብሰለሰል ቆይቼ አባቴ ስለ ድሮ ችሎት ያወሩልኝ ትዝ አለኝ። ፍርድ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚናገረው የታችኛው ዳኛ ነበር፤ ትልቁ መጨረሻ ላይ ይፈርዳል። ይህንኑ ለክፍሉ ደነገግኩ። ታናሽ ይጀምራል፣ ታላቅ ስሌቱን መርምሮ ይፈርዳል፣ እርቅ የለም። አያ ባየህ «ሸጋ ነው» አሉ።

ዲኑ መጣ። አዲስ ጥያቄ ሰጠሁ፤ ታደሰ ጠመኔ ይዞ ወደ ሰሌዳው ወጣ። የአያ ባየህን ወረቀት አይቶ ኖሯል፤ መልሳቸው ከሱ መልስ የተለየ ነበርና እጁ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ዲኑ ሰዓቱን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አያ ባየህ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጻፍ እንጂ አንተ ልጅ፤ እኔ ብሳሳት ዕድሜዬ አይቀንስም» አሉት።

ታደሰ ጻፈ። አያ ባየህ መስመር በመስመር እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አስቁመው ጠየቁት። ሲጨርስ «የኔው ስቷል፤ የሱ ይጽና» ብለው ፈረዱ። ከኋላ ሦስት እጅ ወጣ፤ ሦስቱም ሊጠይቁ ነበር። ዲኑ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ቡድኖቹን የነካብኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ተማሪ ዝም ሲል አያውቅም ብዬ አልፈረድኩም፤ መጀመሪያ ማንን እያከበረ እንደሆነ አጣራ ነበር።