ያልተቆረጠው ቪዲዮ

ጂንካ ውስጥ ያቤጽ ዶላሞ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ወጣቶቹ "ጌም ቤት ያለው ያቢ ነዋ" ይሏችኋል። እናቶች ግን ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው "የአቶ ዶላሞ ልጅ እንኳ…" ይሉና ነገሩን ሳይቋጩ ይተዉታል። እኔ ልቋጭላቸው፤ መምህር ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ የሰው ልጅ ሰብስቦ ኳስ በጣት የሚያስመታ ሆነ ማለታቸው ነው።

ይበሉ። ያቤጽ ግን ሰነፍ አይደለም። ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ ጠበቀ፤ መጠበቁ ራሱ ሥራ ሲሆንበት የጋሽ ኤርሳዶን የፊት ክፍል ተከራየና ሁለት ያገለገሉ የጌም ማሽኖች፣ ሁለት ቴሌቪዥኖችና አንድ አግዳሚ ወንበር አስገብቶ ከፈተ። አባቱ አቶ ዶላሞ በአሪ ገጠር እንሰትና ቡና እያለሙ ልጆቻቸውን ያስተማሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነታቸው የሚከበሩ ሰው ናቸው። ጌም ቤቱ ሁለት ዓመት ሲሞላው ደፉን አንድ ቀን አልረገጡም። ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲወርዱ እዚያ ጋ ሲደርሱ መንገዱን ይሻገሩና በወዲያኛው ዳር ያልፋሉ። ያቤጽ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ተጣልተዋል እንዳይባል አልተጣሉም፤ እሑድ እሑድ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ያወራሉ። ስለ ጌም ቤቱ ግን አንድም ቃል አይወጣቸውም። ያቤጽን ከስድብ ይልቅ የሚያመው ይኸው ዝምታ ነበር።

ነገሩን ያነሡት ወይዘሮ ሙሉሽ ናቸው። ጎረቤት ናቸው፤ ልጃቸው ጅሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ከትምህርት ቤት ሲወጣ እግሩ የሚያመራው ወደ ጌም ቤት ነው። አንድ ሰው "እዚያ ቤት በገንዘብ ይወራረዳሉ" ሲላቸው ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ጋሽ ኤርሳዶ ዘንድ ደረሱ። ጋሽ ኤርሳዶ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ቤታቸው የቁማር ቤት ተባለ ማለት በጉባኤ መካከል አንገት መድፋት ነው። ያቤጽን አስጠሩት።

"ቁማር ካለ ቤቴን ትለቃለህ" አሉት።

"ጋሼ፣ እምላለሁ፣ የለም።"

"መሐላህን ለራስህ ያዘው። አሳየኝ።"

ያቤጽን ምላሱ ቀደመው። "ዓርብ ውድድር አለን። ማሽኑ ጨዋታውን ይቀዳል፤ ማይክ ከሰካሁበት የእኛም ድምፅ ይገባል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልቅዳውና እናንተው ፍረዱ።"

ጋሽ ኤርሳዶ አሰብ አደረጉ። "መልካም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እኔ ሳሎን እናየዋለን። ሙሉሽም ትምጣ፣ አባትህንም እጠራለሁ። ግን አንድ ወጥ ይሁን። ቆራርጠህ ካመጣኸው ክፉ ክፉውን አውጥቶ ነው ይባላል።"

"አባትህንም" የሚለው ቃል ያቤጽን ተከትሎት ወጣ። ቤቱን ቢለቅ ሌላ ቤት ይከራያል። በአባቱ ፊት ቁማርተኛ ተብሎ ከተባረረ በኋላ ግን በምን ዓይኑ እሑድ ምሳ ላይ ይቀርባል?

የዓርቡ ውድድር ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አምሽቶ አለቀ። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለማይቀዳ ሦስት ቁራጭ ሆነ። ያቤጽ ወደ ፍላሽ እያስተላለፈ ማሽኑ ላይ ያለውን አጠፋ፤ ቦታው ጠባብ ነዋ።

ያቤጽ ጆይስቲክ ፈትቶ መግጠም ያውቅበታል። ቪዲዮ መገጣጠም ግን በሕይወቱ ሞክሮ አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት የሠርግ ቪዲዮ ወደምትሠራው ወደ ሄለን ሮጠ። ሄለን ደግሞ በዚያው ጠዋት ለሠርግ ወደ ዲመካ ልትሄድ ሚኒባስ ትጠብቃለች። ካሜራዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች የቪዲዮ መገጣጠሚያ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ጫነችለትና ቆማ አስተማረችው።

"ያቢ፣ ሦስቱን ጎትተህ እዚህ ትጥላቸዋለህ። በስማቸው ተራ ይደረደራሉ። ታገጣጥማቸዋለህ። ከከበደህ ኮምፕረስ አድርገው፣ የፋይሉ መጠን ይቀንስልሃል። ጥራቱን ግን አብዝተህ አታውርደው፣ ምስሉ ይፈርሳል። ስትጨርስ ደግሞ ሙሉውን ቁጭ ብለህ እየው። ቀላል ነው።"

የሚያውቅ ሰው "ቀላል ነው" ሲላችሁ ተጠንቀቁ። ሚኒባሱ መጣ፣ ሄለን ሄደች፣ ብዙም ሳይቆይ ስልኳ አልሠራ አለ።

ያቤጽ ጌም ቤቱን ከውስጥ ዘግቶ ተቀመጠ። የፋይሎቹ ስም ማለቂያ የሌለው ቁጥር ነበር። "በስማቸው ተራ" አይደል ያለችው? ስም አወጣላቸው፤ እያንዳንዱ የተቀዳበትን ሰዓት። "11 ሰዓት"፣ "12 ሰዓት"፣ "1 ሰዓት"። በዘዴው ደስ አለው፤ በዚያ ቀን ደስ ያለው ያኔ ብቻ ነው። ጎተተ፣ ጣለ፣ ገጣጠመ። ወደ ፍላሹ ሊገለብጠው ሲል ፍላሹ ይህን የሚያክል ፋይል አልቀበልም አለ።

ኮምፕረስ ማድረግ ጀመረ። ሁለት ከመቶ አለ፣ ሦስት ከመቶ አለ፣ ሦስት ላይ ቆመ። ውጭ ገበያተኛው ይንጫጫል፤ ደንበኞች በሩን እየደበደቡ "ያቢ፣ ተኝተሃል እንዴ?" ይላሉ። እሱ ትንፋሹን ይዞ ቁጥሩን ያያል፣ ትንፋሹ የሚገፋው ይመስል። አርባ ሲሞላ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ነው፤ ጥቂት ታገለና ጨለመ። መብራት ሲመለስ እንደገና ከዜሮ። አሁን ደግሞ ላፕቶፑ "ቦታ የለም" አለው። ዘፈኖቹን አጠፋ፣ አልበቃም። ሦስቱ ቁራጮች ላፕቶፑ ላይ ቁጭ ብለዋል። ተገጣጥመዋል አይደል፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋሉ? አጠፋቸው፤ ፍላሹ ላይ ያሉትንም ጠራረጋቸው። መብራቱ ዳግመኛ ሳይሄድ እንዲያልቅለት ብሎ የጥራቱን ምልክት ጎትቶ መጨረሻ ታች አደረሰው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባላል፤ ያቤጽ ገና ማፍሰሱ ላይ ነበር።

አለቀ። ፋይሉ ትንሽ ሆነ፣ ፍላሹም ተቀበለው። መጀመሪያውን ከፍቶ አየ፤ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ኳሱም ይንከባለላል። ድምፁን እንዳይሰማ የላፕቶፑ ስፒከር ከሞተ ከርሟል። ሙሉውን ሊያይ ሲዘጋጅ መብራቱ እልም አለ። "እግዚአብሔር ያውቃል" ብሎ ፍላሹን ኪሱ ከተተና እስከ እሑድ ኪሱን ሲዳብስ አደረ።

እሑድ ጋሽ ኤርሳዶ ሳሎን ውስጥ ሦስቱ ተቀምጠዋል። ጋሽ ኤርሳዶ ሪሞቱን ይዘው መካከል ላይ፣ ወይዘሮ ሙሉሽ ከጎናቸው፣ አቶ ዶላሞ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ። ያቤጽ ፍላሹን ሰካና ቆመ፤ ተቀመጥ ያለው የለም።

ምስሉ መጣ። ምስል ከተባለ ነው። ተጫዋቾቹ ፊት የላቸውም፤ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆነው እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

"ይሄ ሰው ነው ወይስ ጡብ?" አሉ ጋሽ ኤርሳዶ።

ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር። ጋሽ ኤርሳዶ እያሳለፉ እያሳለፉ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ጩኸት ተነሣ፤ "ጅሩ ሻምፒዮን!" ጡብ የሚመስለው ቡድን ዋንጫ አነሣ። ወይዘሮ ሙሉሽ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። ልክ በዚያ ቅጽበት የያቤጽ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወጣ። "እሺ ወንድሞች፣ ውድድራችንን ጀምረናል። የመጀመሪያ ተጋጣሚዎች ቅረቡ።"

ጋሽ ኤርሳዶ ወደ ያቤጽ ዞሩ። "ዋንጫው ከተነሣ በኋላ ነው የምትጀምሩት?"

"አላልኩም?" አሉ ወይዘሮ ሙሉሽ። "አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል። ሌላ ምን ቁማር አለ?"

ያቤጽ ወደ ወይዘሮ ሙሉሽ ዞረ። "ተራው ተዛብቶብኝ ነው እትዬ።"

"እንግዲያው ዋናውን አምጣ" አሉ ጋሽ ኤርሳዶ።

"አጥፍቼዋለሁ።"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ራሱ ሰማው። አባቱ ወለሉን ያያሉ። ያቤጽ የፋይሎቹን ስም በልቡ ደገመ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አንድ፤ ያኔ ገባው።

"ጋሼ፣ ስም ያወጣሁላቸው በሰዓታቸው ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ማታ አንድ ሰዓት ነበር። ላፕቶፑ አንድ ቁጥርን አይቶ ፊት አስቀደመው።"

ጋሽ ኤርሳዶ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ አንድ መሆኑን አያውቅም?"

"አያውቅም። እሱ ከአንድ ይጀምራል፣ በቃ።"

"ይሄንንስ ሕፃንም ያውቀዋል" አሉ፤ አመኑም አላመኑም። ወይዘሮ ሙሉሽ ግን ቆርጠዋል። "ከእንግዲህ ማሳለፍ የለም። ሁሉንም ልስማ።"

ሁሉንም ሰሙ። የጆይስቲኩ ቀጭ ቀጭታ፣ የልጆቹ ሳቅ፣ የያቤጽ "ተራ ጠብቁ"። ቆይቶ አንድ ወፍራም ድምፅ ገባ፤ ውድድር ሊያይ የመጣ የባጃጅ ሹፌር ነው። "ጅሩ ላይ መቶ ብር! ማነው የሚወራረደኝ?" ወይዘሮ ሙሉሽ ወደ ፊት ተጠጉ። ያቤጽ ድምፁን ሲለየው መጀመሪያ ደስታ ወረረው፤ የመለሰለትን ያስታውሳልና። ወዲያው ቀጥሎ ያለውንም አስታወሰ።

"ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ውርርድ የለም" አለ የያቤጽ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ። "ካላስቻለህ በሩ ክፍት ነው።"

"ጋሼ፣ በቃ ሰማችሁ፣ እዚህ ላይ እናቁመው" አለ ያቤጽ። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ።

"አንድ ወጥ ተባብለናል" አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። ሪሞቱ ጭናቸው ላይ ነው።

"አባትህን ፈርተህ ነው አይደል?" አለ ሹፌሩ ከቴሌቪዥኑ።

"አባቴን? አባቴ እንኳን እዚህ ቤት ለቀብሬም አይመጣም።"

ልጆቹ ሳቁ። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዓርብ ለሳቅ ብሎ የጣላት ቃል ናት፤ አሁን ግን ሳሎኑን ሞልታ ቆመች። ወይዘሮ ሙሉሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጋሽ ኤርሳዶ ሪሞቱን ቢያነሡም የቱን እንደሚጫኑ ጠፋቸው። ያቤጽ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ፤ ቁማርተኛ መባል ስንት እጅ ይሻል ነበር።

"መልሱት" አሉ አቶ ዶላሞ።

"ዶላሞ ወንድሜ፣ የልጅ ወሬ ነው…"

"መልሱት፣ ልስማው።"

ጋሽ ኤርሳዶ መለሱት። ሹፌሩ እንደገና ጠየቀ፣ ያቤጽ እንደገና መለሰ፣ ልጆቹ እንደገና ሳቁ። አቶ ዶላሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

"ውርርድ አልነበረም። እኔ ነኝ የቸኮልኩት" አሉ ወይዘሮ ሙሉሽ ዝግ ባለ ድምፅ።

"ቤቱን አትለቅም" አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። ያቤጽ ይህን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል፤ አሁን ሲሰማው ምንም አልመሰለው። ፍላሹን እንኳ ሳይነቅል አባቱን ተከትሎ ወጣ።

አባቱ ከግቢው በር ውጭ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ቀረበ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም።

"አባ፣ ቀልድ ነበር…"

"እውነትህን ነው" አሉ በአሪኛ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ በአሪኛ ነው የሚያወሩት። "ቀብርህ ላይ አልመጣም።"

ያቤጽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"አልመጣም። እኔን የምትቀብረኝ አንተ ነህ። ማለዳ ማለዳ እግዚአብሔርን የምለምነው ይኸንኑ ነው፤ ልጄ ይቅበረኝ እያልኩ።" ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ቀብር ሌላ ነው። ቤት ሌላ ነው። ለቤትህ ግን አልመጣሁም፤ ሁለት ዓመት። ይህን ልጆቹ ሁሉ ያውቁት ኖሯል።"



አቶ ዶላሞ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ጌም ቤቱ ፊት ተራመዱና ከተዘጋው በር አጠገብ ቆሙ። በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?" አሉ።

"ወደ ውስጥ ነው አባ።"

ያቤጽ ቁልፉን አወጣ። ከቀዳዳው ጋር ሲታገል፣ አባቱ ቁልፉን ተቀበሉትና ራሳቸው ከፈቱት።