የሁዳዴ ፍሪዘር

ማክሰኞ ጠዋት፣ ቦሌ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። በእጄ ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን፣ በደረት ኪሴ ሁለት የፈቃድ ደብዳቤ ይዣለሁ። ፈታሹ ሣጥኑን ከፍቶ በረዶውን ብቻ ሲያይ ግራ ገባው።

«ምን ልታመጣበት ነው?»

«ዓይነ ምድር። የሰው።»

ሣጥኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ።

የላከችኝ ዶክተር ሂሩት ናት። በቤተ ሙከራዋ ናሙና እያመላለስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከምርምሩ የማውቀውም በጆሮዬ የለቀምኩትን ነው። በሆዳችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ፤ የምንበላውን ይበላሉ። አያቶቻችን ትውልድ በትውልድ ሲጾሙና ሲፈስኩ ሲኖሩ፣ እነዚህ ጥቃቅን ደባሎችስ ከዚያ ኑሮ ጋር ተላምደው፣ ዘረመላቸውም አብሮ ተለውጦ ይሆን? ባለቤቶቻቸው ቆላ ወርደው የሌላ አገር ውኃ ሲጠጡስ ምን ይሆናሉ? የሂሩት ጥያቄ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ጁባ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንን የመረጠችው፤ ግማሾቹ ሁዳዴን የሚጾሙ፣ ግማሾቹ የማይጾሙ። የማይጾሙት ናሙና ቀደም ብሎ ገብቷል። የቀረው የጿሚዎቹ፣ በሰሙነ ሕማማት የተሰበሰበው አሥራ አንድ ቱቦ ነው። ተሕዋስያኑ በሕይወት እንዲደርሱ ስለሚፈለግ ማቆያ ኬሚካል አልተጨመረበትም፤ ያለው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። የምርምሩ ገንዘብ በግንቦት ያበቃል። ይታደስ አይታደስ የሚወሰነው እነዚያ ቱቦዎች በሚያሳዩት ነው።

በረራዬ ለስቅለት ዓርብ ነበር። ወደ ማክሰኞ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

«ፋሲካን ከእናቴ ጋር ልዋል፤ ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ የት ይሄዳል?» አልኳት።

ሂሩት እስክሪብቶዋን ነክሳ «እሺ ያሬድ» አለች።

ከቀትር በፊት፣ ጁባ

ሁለት ሰዓት ያህል በረርን። ደጋው ከሥራችን እየተቆረሰ ወርዶ አለቀና ሜዳ ሆነ፤ ከዚያ ነጭ ዓባይ እንደ ቀለጠ ቆርቆሮ ተኝቶ ታየ። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ ገብቶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ዝናብ ያዘለ፣ የማይዘንብ ሰማይ ነው።

ዳዊት የአየር ማረፊያው በር ላይ ጠበቀኝ። በስልክ እንጂ በአካል አንተዋወቅም። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ናሙናውን የሰበሰበልንም እሱ ነው። ሂሩት የመረጠችው ቅዝቃዜ ስለሚያውቅ ነበር። ጴንጤ ስለሆነ የእሱም ናሙና ከማይጾሙት ጋር አለ።

«እንኳን አደረሰህ! አንጀትህ ስንት ዶሮ ቻለ?»

«አንድ ተኩል። ዓመቱን ሙሉ የምትበሉትንስ ማን ቆጥሮ?»

«የእኛ ጀርም ነፃ የወጣ ነው» አለና ሳቀ።

የቦዳቦዳው፣ የሞተር ታክሲው ነጂ ሣጥኔን አይቶ እስከ ሙኑኪ ሰፈር አምስት ሺህ ፓውንድ ጠራ። ዳዊት ወደ እኔ እየጠቆመ «ካዋጃ ማፊ!» አለው፤ ነጭ አይደለም ማለቱ ነው። በሦስት ሺህ ተስማሙ። ሦስታችን በአንድ ሞተር፣ ሣጥኑ በእኔና በዳዊት መካከል ተጣብቆ፣ የውኃ ቦቴዎች እየረጩን ሄድን። በየሱቁ ደጃፍ ጄኔሬተር ያጓራል። ግራና ቀኝ ቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ሥር የላስቲክ ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ አጠገብ የተኛ ሰው። መጻፍ የምወድ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ዓይኔ የሚያነሣው ሁሉ ግራጫ ነበር።

ሙኑኪ

የእትዬ አልጋነሽ ምግብ ቤት አሥር ጠረጴዛ አለው። እሷ ሃምሳዎቹን የገባች ሴት ናት፤ ከአሥራ አንዱ ናሙና ሰጪዎች አንዷ ስትሆን የቀሩት አብዛኞቹ ሠራተኞቿና ጎረቤቶቿ ናቸው። ፍሪዘሩም የእሷ ነው። ዳዊት ሙኑኪን ሁሉ ዞሮ የመረጠው እሱን ነበር፤ ጋዙን ራሱ ሞልቷል፣ ጄኔሬተሯ አያቋርጥም፣ ደግሞም በሁዳዴ ሥጋ ስለማትሸጥ ባዶ ነበር።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ብላ» ብላ የጥብስ ሳህን አስቀመጠችልኝ።

ዳዊት ወደ ጓዳ ገባ። የፍሪዘሩ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። መዘጋቱን ግን አልሰማሁም። ተነሥቼ ሄድኩ። ፍሪዘሩ እስከ አፉ በሥጋ ተሞልቷል።

«እትዬ፣ ቱቦዎቹስ?»

«እነሱንማ ቅዳሜ ዕለት አወጣኋቸው። ሥጋ መጣ፤ ታዲያ ከዓይነ ምድር ጋር ላጋባው ኖሯል? ለዳዊት ደወልኩ፣ ዝግ ነው ይላል።»

«ስልካችንን ዘግተን የሦስት ቀን ጸሎት ላይ ነበርን» አለ ዳዊት።

«አልጣልኩትም እኮ! አደራ አይደል?» ብላ ከአልጋዋ ሥር ባልዲ ጎትታ አመጣች። ነጭ ነጠላ አልብሳዋለች። በረዶ ነበረበት፤ አሁን ውኃ ነው። እጄን ከተትኩ። ለብ ይላል። አሥራ አንዱ ቱቦዎች ተንሳፍፈዋል።

«የኔ የቱ ነው?» አለች።

«ሰባት ቁጥር» አላት ዳዊት።

ጎንበስ ብላ አየችው። የእኛን ፊት ስታይ ግን መጠየቋን ተወች።

ዳዊት የፍሪዘሩን ክዳን ዘግቶ ተደገፈው። «እኔ ጋ ሌላ ፍሪዘር አለ። እስከ ነገ መልሶ በረዶ ይሆናል። ማን ያውቃል?»

ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም። ሂሩት በቀለጠ ናሙና ላይ ሳምንታት ትደክማለች፣ ያልሆነውን ሆነ ብላ ትጽፋለች፣ እኔ ግን ሥራዬ ላይ እቆያለሁ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች እትዬ አልጋነሽ። «ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ በመጨረሻ በውሸት ልፈስክ?»

ደወልኩ። ሂሩት በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ በረራውን ያዘገየሁት እኔ መሆኔንም ጨምሬ፣ የማታውቅ ይመስል።

«ስንት ቀን?»

«ሦስት።»

«በዚያ ሙቀት መሞት ያለባቸው ሞተዋል፤ መራባት የሌለባቸው ተራብተዋል» አለች በቀስታ። «አታምጣው። ክሊኒክ ወስዳችሁ አቃጥሉት።»

ከሰዓት፣ ጀበል

ከጀበል ኮረብታ በታች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አለች። ከጓሮዋ ባለው የበርሜል ማቃጠያ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጨመርናቸው። ላስቲኩ ተጨማደደ፤ ጭሱ ጠቁሮ ወጣ። ዳዊት ሳይቀልድ ያየሁት ያኔ ነው።

«ጋዙን አየሁ፣ ገመዱን አየሁ» አለ። «የቀን መቁጠሪያ ማየት ነበረብኝ።»

«አንተ አትጾምም። እኔ ነኝ ማየት የነበረብኝ።»

ለስንብት ስመለስ እትዬ አልጋነሽ ለመንገዴ ዳቦ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። በሚቀጥለው ዓመት እንመጣለን አልኳት፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ።

«ሁዳዴማ አይቀርም ልጄ» አለች። «የምትቀሩት እናንተ ናችሁ።»

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

ባዶውን ሣጥን ይዤ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄድኩ። ሂሩት ትልቁን ፍሪዘር ከፍታ ቆማለች። «ጁባ፣ የማይጾሙ» የሚል ወረቀት ያለበት መደርደሪያ ሙሉ ነው። ከጎኑ «ጁባ፣ ጿሚዎች» ይላል፤ አሥራ አንድ ቀዳዳ ያለው ባዶ የቱቦ መያዣ ተቀምጦበታል። አንዱ ያለ ሌላው ለምንም አይሆንም። ወረቀቱን በጥፍሯ ልትልጠው ሞከረች፤ ብርዱ አጣብቆት እምቢ አላት። ተወችው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ጥቂት ነው። የሴትዮዋን ጾም ለመለካት ያን ያህል ደክመን፣ እንደምትፈስክ ረሳን። እኔ ደግሞ ለራሴ ፋሲካ ቀን ስጠይቅ፣ የእሷም ፋሲካ በዚያው ቀን መሆኑ ትዝ አላለኝም።

ሂሩት የፍሪዘሩን በር ዘጋች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ የእውነት ጥያቄ ነበር።

«ፋሲካ ከእናትህ ጋር እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው። ጥሩ ነበር።