ጥቁሩ ከረሜላ

ልጄ ሳሮን ትናንት ከፓርክላንድስ ሰፈር ስትመለስ እንደ ጫማ ማሰሪያ የተጠቀለለ ጥቁር ከረሜላ ይዛ መጣች። ሽታው ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ ሽንኩርት የምከትፍበትን እጄን አቆመው፤ ሮጬ ከአፏ ነጠቅኳት። «ሊኮሪስ ነው እኮ እማ፣ ስዊት ነው በቃ» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። እኔን ይህ ሽታ ማስፈራት የጀመረው በዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች መጀመሪያ፣ ስደተኛ በሚበዛበት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ከሱቃችን ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር የምንኖረው። እማዬ ወንድሜን አርግዛ ስለነበር እንዳግዛት ከሦስተኛ ክፍል አስቀርታኝ ነበር፤ በጾሙ ወራት ወተት የሌለውን ሻይዋን በአኒስ የማፈላላት እኔ ነኝ። አኒሱን፣ ያን የእንስላል ፍሬ የሚመስል ደቃቅ ዘር፣ የምገዛው ከእትዬ ሐሊማ ነበር፤ የጅግጅጋ ሰው ናት፣ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል፣ ከቅመሟ ብዛት ሱቋ ገብቶ ያላስነጠሰው የለም። አንድ ቀን ከዘሩ ጎን የተከመረ ቡናማ የሥር እንጨት አየሁና ሰብሬ አኘክሁ። ጣዕሙ ያው አኒስ፣ እንዲያውም ከስኳር የባሰ ጣፋጭ። ምን ልዩነት አለው ብዬ በዘሩ ፈንታ ሥሩን ገዝቼ በየቀኑ አፈላላት ጀመር። እማዬ «ዛሬስ እጅሽ ይባረክ» እያለች ሁለት ሦስቴ ስታስቀዳኝ፣ ምስጢሬን ደብቄ በኩራት ልፈነዳ።

ከዚያ እግሯ አበጠ፣ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ፣ ራሷን ይፈልጣት ገባ። ክሊኒኩ ግፊትሽ ጨምሯል፣ ለልጁም ያሰጋል ብሎ ምን እንደምትበላ ሲጠይቃት እኔ አጠገቧ ቆሜ የሥሩን ነገር አላነሳሁም፤ ሻይ ምግብ መሆኑን ማን ነገረኝ።

ተጨማሪ ሥር ልገዛ ስሄድ እትዬ ሐሊማ «አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል?» አለችኝ። ለእማዬ ነው ስላት ሱቋን ሳትዘጋ እጄን ይዛ ወደ ቤታችን ገሰገሰች። እማዬን ሻዩን አስተወቻት፣ እኔን ደግሞ አጠገቧ አስቀምጣ ዘሩንና ሥሩን በየተራ አስቀመሰችኝ። «ዘሩ በአፍንጫ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል። ሥሩ ግን፣ ሊኮሪስ የሚሉት፣ ዘግይቶ መጥቶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው አይነካውም።» እኔ ጨርሼ የተማርኩት ትምህርት ይሄ ብቻ ነው። እማዬ ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ያበጠ እግሯን ትራስ ላይ እንደሰቀለች ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «ልትገድይኝ ከሆነ እንኳን በጣፋጭ አደረግሽው» አለች። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፣ ወንድሜም በደህና ተወለደ።

ዛሬ እትዬ ሐሊማ የነበረችበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል፤ ብርድ ብርድ የሚል፣ ምንም የማይሸት። እማዬም ካረፈች ሁለት ዓመቷ።

ከሳሮን የነጠቅኩትን ከረሜላ ነክሼ ቀመስኩት። በአፍንጫዬ መጣ፣ ወዲያው ጠፋ፤ ጉሮሮዬ ላይ የቀረ ነገር የለም። ስሙን ሊኮሪስ ይበሉት እንጂ አኒስ ነው። መለስኩላት። ገልበጥ አድርጋ አየችና የነከስኩትን ጫፍ በጥፍሯ ቆርጣ ጣለችው።

እማዬ ግን ያን ሁሉ ሰሞን፣ ከነገሩ በኋላም ሳይቀር፣ የሰጠኋትን ሁሉ ምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ትጠጣ ነበር።