ከቆጮው የቀደመው ድንጋይ

ከአገሬ ርቄ በምሠራበት ቢሮ፣ ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የጻፍኩትን ኮድ እያሳየ፣ «ይህቺን መስመር ብናወጣት ይፈጥናል። እዚህ አገር እንደሆነ መብራት አይጠፋ!» አለ። የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ያቺን መስመር አውቃታለሁ። ወልቂጤ ሳለሁ አንድ ጊዜ ሳላውቅ ወጥታብኛለች።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከቡታጅራው ልጅ ከከድር ጋር የያዝነው የመመረቂያ ሥራ፣ መብራት ቢጠፋም የያዘውን ለማይረሳ ሜሞሪ የዳታቤዝ ማውጫ መሥራት ነበር። ሜሞሪውን የሚገዛልን ስላልነበረ በዲስክ አስመስለን ሠራነው። ማውጫ መረጃው የት እንዳለ ይጠቁማል። ጣጣው፣ የተጻፈው ሁሉ ወዲያው ቦታው አይደርስም፤ ኋላ የተጻፈው ሊቀድምም ይችላል። በዚህ መሀል መብራት ከሄደ ማውጫው ባዶ ቦታ ይጠቁማል።

መላውን ያገኘሁት ከእናቴ ጓሮ ነው፣ እምድብር። ከጎረቤቶቿ ጋር እንሰት ፍቀው ሲቀብሩ፣ ያ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እያለ ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ ጉድጓዱ ሳይሞላ ድንጋይ ባስቀምጥ እጄን መታ አደረገችኝ። «ቅጠሉ ይነጠፍ፣ ቆጮው ይግባ፣ ይረገጥ! ድንጋዩ መጨረሻ ነው። ድንጋይ ያየ ሰው ከሥሩ ምግብ አለ ብሎ ነው የሚቆፍረው።» እኔም እንዲሁ አደረግሁ፦ መጀመሪያ መረጃው፤ ቀጥሎ ቦታው እስኪደርስ የምታስጠብቅ መስመር፤ አድራሻው መጨረሻ።

አማካሪያችን ግን የሌላው ቡድን ሥራ ከእኛው ስለፈጠነ ተበሳጭተው ነበር።

ሥራችንን ያቀረብነው ሰኔ ላይ ነው፤ ጫማችን ጭቃ ብቻ ነበር። ገምጋሚው ድንገት ሶኬቱን ነቀሉት። ኮምፒውተሩ ሲመለስ ማውጫው «እዚህ ነው» ይላል፤ ቦታው ባዶ። ኮዱን ብከፍት መስመሯ የለችም። አማካሪያችን በሰው ሁሉ ፊት፣ «ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ልጅቷ ጥንቃቄ የላትም» አሉ።

ጥንቃቄ! እኔ!

ውጭ ስንወጣ ከድር ዓይኔን ማየት አቃተው። «ወላሂ፣ እሳቸው ናቸው አውጣት ያሉኝ። ለሷ እንዳትነግራት አሉ።»

«ታዲያ እዚያ ውስጥ አፍ አልነበረህም?»

«አንቺስ? መስመሯ እንደሌለች አይተሽ ዝም አላልሽም?»

ትልቅ ሰው ላይ አፍ መክፈት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ዝምታዬን ጽድቅ አድርጌው ነበር። ወደቅን። እናቴ ለምርቃቴ ብላ ያቆየችውን ጉድጓድ ቀደም ብላ ከፍታው ነበር። የተከፈተ ቆጮ አይመለስም። እንግዶቹ መጡ፣ ክትፎ በቆጮ በሉ፣ ምን ብለው እንደሚመርቁኝ ጠፍቷቸው ሄዱ። እሷ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ዛሬ ግን ተነሣሁ። «አትወጣም» አልኩ፣ ሁሉም ቀና እስኪሉ። «ካላመንክ አውጣትና የመሞከሪያውን ማሽን ሶኬት ንቀል።» አወጣት፤ ነቀለ። ሲመለስ ማውጫው ባዶ ቦታ ጠቆመ። ልጁ ፊቱ ቀልቶ መስመሯን መልሶ ጻፋት።

ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ነበር፤ አልበረደም። ማታ አባታችን ሆይ ስደግም «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። አማካሪዬን ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ ካህን ፊት ከተናገርኩ ዓመታት አልፈዋል። ለካ ጉድጓዱ ሳይሞላ ነው ድንጋዩን የጫንኩት።